የተናካሽ ፈረስ ጠበቃ

ተናካሽ ፈረስ ባለበት አገር ሁሉ፣ አጠገቡ ቆሞ "ጥፋቱ የሱ አይደለም" የሚል ሰው አይጠፋም። የበዴሳው ክቡር ጠበቃ ጋሽ ኤርካሎ ናቸው።

ፈረስ ነከሰኝ ብላችሁ ብትሄዱ አይዟችሁ አይሏችሁም፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ፈረሱ ምን ሆኖ እንደሆነ ነው። እኔን አንዱ ሲረግጠኝ ጭራሽ ተቆጡኝ። ከኋላው ሳያየኝ መጥቼ አስደንግጬው ነው አሉ። እኔስ አልደነገጥኩም እንዴ?

ዘንድሮ የጎረቤታችን የሣራ የጋሪ ፈረስ ከዘመን መለወጫው ከጊፋታ በዓል በኋላ ሰው አላስጠጋ አለ። ይነክሳል፣ ይራገጣል። ሣራ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ጋሪ ነው። የገበያው አስተባባሪዎች ደግሞ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ቢነካ ገበያው ድርሽ እንዳይል ብለው ቁርጡን ነገሯት። ባለጋሪዎቹ ጅራፍ አዘዙለት። እኔም ሽጪው አልኳት።

ጋሽ ኤርካሎ ግን ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ጧት ማታ እየመጡ፣ እሱ በሚያያቸው በኩል ከትከሻው ጎን ይቆማሉ። ጆሮውን ወደ ኋላ ሲለጥፍ ያፈገፍጋሉ፤ ሲያቃና ይጠጋሉ። አንድ ቀን ክንዳቸውን ዘነጠለው። ኦቶና ሆስፒታል ሄደው አሰፍተው፣ በነጋታው እዚያው ቦታ ተገተሩ። ሚስታቸው በቃህ ብለው ቢለምኗቸው፣ ገና መግባባት መጀመራችን ነው አሏቸው። እንዲህ ያለ ግትር አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ፈረሱ እንዲነኩት ፈቀደላቸው። ሣራ ለጊፋታ ከጆሮው ሥር ያሰረችለትን ባለቀለም የክር ጌጥ ፈቱት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያደነቀው ጌጥ ስለነበር፣ በዓሉ ካለፈ በኋላም ይፈታ ያለ ሰው አልነበረም። ከሥሩ ቆዳው ተልጦ መግሏል። ሣራ እንባዋ መጣ።

"አታልቅሺ፤ ለብ ያለ ውሃና ጨው አምጪ" አሏት።

ቁስሉ እስኪደርቅ ልጓም አላስነኩትም። አሁን ፈረሱ በገበያው መሃል በቆሎ የተጫነ ጋሪ ላይ ተጠምዶ ቆሞ ያንቀላፋል፤ የሣራም ልጆች ትምህርት ቤት ውለው ይገባሉ።

ትናንት እኔ ጥርሴን አሞኝ ቤት ውስጥ ያገኘሁት ሁሉ ላይ ስጮህ ዋልኩ። ልጆቼ ሸሹኝ፣ ሚስቴ ተኮሳትራ ጎረቤት ሄደች። ጋሽ ኤርካሎ ወሬውን ሰምተው መጡና፣ በማያቸው በኩል ቀስ ብለው ከጎኔ ተቀመጡ።

"የቱ ጋ ነው ያመመህ፣ ልጄ?" አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው።