የጋሽ ኡበይደላ አምስተኛ እሳት

በየግቢው አንድ «የባሰ አለ» ባይ አይጠፋም። ጃንጥላው ሁለት ነው፤ አንዱ ለዝናብ፣ ሌላው ምናልባት የመጀመሪያው ቢበላሽ። የኛ ግቢ ክቡር የመጠባበቂያ ሹም ጋሽ ኡበይደላ ነበሩ፤ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር በንብረት ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የወልድያው አከራዬ። ሠላሳ ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰው ዕቃ ሲወጣ ያመዋል።

ቤታቸው አምስት እሳት ነበረው። መብራት ቢጠፋ ሲሊንደር፣ ሲሊንደሩ ቢያልቅ ከሰል፣ ከሰሉ ቢያልቅ እንጨት። አምስተኛው ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ነው። ከታች በጎኑ ቀዳዳ አለው። መሃሉ ላይ ጠርሙስ ያቆሙና ዙሪያውን ከአናጢው ከጀብሪል ባመጡት ሰጋቱራ ጠቅጥቀው፣ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ይመዙታል። በቀዳዳው ሲለኮስ ግማሽ ቀን ያለ ጠባቂ ይነዳል ይላሉ። «ይላሉ» ያልኩት ሲነድ ያየ ሰው ስለሌለ ነው።

የሽቦ እጀታ ስላለው የትም ይሄዳል። በየሳምንቱ ፀሐይ እንዲሞቅ በረንዳ ላይ ይወጣል። የሰርግ ድንኳን ሳይቀር ይዘውት ገብተዋል፤ ምናልባት የደጋሾቹ እንጨት ቢረጥብ። አልረጠበም።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚለኮሰው?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ለክፉ ቀን ነው፣ ልጄ።»

ነሐሴ 2013 ላይ የጦርነቱ ከባድ መሣሪያ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ግቢው ባዶውን ቀረ። ሚስታቸው እትዬ ሀስና ፍራሽ ተሸከሙ፤ ጋሽ ኡበይደላ ቆርቆሯቸውን። ሲሪንቃ አጠገብ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ዝናብ ወረደብን። የጎን ክፍል ተከራይዋ መቅደላ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ጠየቀቻቸው።

«ጋሽ ኡበይደላ፣ ክፉው ቀን ይኼ አይደለም ወይ?»

«አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። ወላሂ የባሰ አለ። ነገ ብንቸገርስ?»

ቆርቆሮው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኛ ይልቅ ደርቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እትዬ ሀስና «ከኔ በፊት ላስቲክ ያለበሰው እሱን ነው» ብለው አንድ ወር አኮረፉ።

ጦርነቱ አልፎን ወደ ደቡብ ወረደ፤ እኛ ያለ መብራትና ያለ ስልክ ቀረን። ኅዳር ሲገባ ሲሊንደሩም፣ ከሰሉም፣ እንጨቱም አልቆ አጥሩን አነደድነው። መምህር ነኝና የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ማገድኩ። ተጨማሪ ወረቀት እየጠየቁ ያሰለቹኝን ልጆች ያመሰገንኳቸው ያኔ ነው። ጋሽ ኡበይደላ ጥሬ ሽምብራ እየቆረጠሙ «የባሰ አለ» አሉ። እውነቱን ለመናገር ጠላኋቸው።

መቅደላ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ደብረ ብርሃን ደርሷል ከተባለ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። አንድ ጧት ቀኗ ሳይደርስ እትዬ ሀስና እጅ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ከጭብጥ አትበልጥም። የኔ ወረቀት ውኃውን ለብ ሳያደርገው አመድ ሆነ።

«ኧረ ልጅቷ እየቀዘቀዘችብኝ ነው!» አሉ እትዬ ሀስና ከውስጥ። «አንተ ሰውዬ፣ ትሰማለህ?»

ቆርቆሮውን ነጥቄም ቢሆን ላመጣ ሮጥኩ። በር ላይ ከጋሽ ኡበይደላ ጋር ተያየን፤ አንጠልጥለውት እየመጡ ነበር። በረንዳው ላይ አስቀምጠው ክብሪት ጫሩ። ረጥቦ እምቢ አለ። ከሌላው ኪሳቸው ሌላ ክብሪት አወጡ። ያን ዕለት በመጠባበቂያቸው አልሳቅሁም።

ጭሱ እስኪወጣለት ጠብቀው በእጀታው ወደ ክፍሏ አስገቡት፤ በሩን ገርበብ አድርገው እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እንዳሉትም እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሰላት ድረስ ነደደ። ውኃው ፈላ፣ አጥሚቱ ደረሰ፣ ሕፃኗ ሙቀት ገብቷት ጡት ያዘች። እትዬ ሀስና ሲነግሯቸው ጋሽ ኡበይደላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

እኔ አፌን መያዝ አልሆነልኝም።

«ጋሼ፣ ክፉው ቀን በመጨረሻ ደረሰ ማለት ነው?»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ተቆጥተው። «ልጅ የተወለደበት ቀን ክፉ ይባላል? ክፉውማ ገና ነው። ይኼ ደግ ቀን ነው። ለደግ ቀን ያስቀመጥኩት ነገር ስለሌለኝ ነው ይኼን ያወጣሁት።»

በማግስቱ አመዱን ጠርገው ሰጋቱራ ፍለጋ ወደ ጀብሪል ቤት ሄዱ። እኔም ከጓሮ ያገኘሁትን ሌላ ቆርቆሮ ይዤ ተከተልኳቸው።

«ያንተ ደግሞ ለምንድን ነው?» አሉኝ ዘወር ብለው።

«ምናልባት የርስዎ ቢበላሽ» አልኳቸው።