ሬሳው በስንተኛው ደቂቃ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት አበው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሠርተው አያውቁም። ሠርተው ቢሆን ኖሮ፣ እነሱ ገና ሥሩን ሲቆፍሩ ተመልካቹ ተነስቶ እንደሚሄድ ይረዱ ነበር። ይህን የተማርኩት ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ በፈላበት ዘመን፣ ሁለት የቦሌ ጓደኞቼ «ፊልም ካልሠራን» ብለው እንቅልፍ ባጡ ጊዜ ነው።

ዳንኤል ድርሰቱን ጽፏል። ሰይድ ካሜራ አለው፤ ሁዳዴ ገብቶ ሠርግ ስለቀዘቀዘ ሥራ የፈታ የሠርግ ካሜራ። ቤቱ ደግሞ የዳንኤል አባት የአቶ ወርቁ ቪላ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አቶ ወርቁ ቤታቸው ፊልም ሊቀረጽበት መሆኑን አያውቁም። ልጃቸው ለዚሁ ፊልም ሲል የመንግሥት ሥራውን ከለቀቀ ሳምንት እንዳለፈውም አያውቁም። ፋሲካ ከደረሰ ደግሞ ካሜራው ወደ ሙሽሮቹ ይመለሳል።

እኛ ግን የምንጨቃጨቀው ስለ መክፈቻው ነበር።

«ተመልካቹ ወንበሩ ሳይሞቅ ሬሳ ማየት አለበት» ይላል ሰይድ። «አለዚያ ፉጨቱን አትችለውም።»

ዳንኤል ከመሃል መጀመር ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ይሮጣል፣ ማን እንደሚያሳድደው አናውቅም፣ ምክንያቱ በኋላ ይገለጣል።

«በእኔ ካሜራ ሩጫ?» አለ ሰይድ። «ሙሽራዋን እንኳ ‹ቀስ በይ› እያልኩ እኮ ነው የምቀርጸው!»

እኔ ረጋ ያለ መክፈቻ እወዳለሁ። ሰውየው ሻዩን ይጠጣል፤ ቤቱ ሰላም ነው። አንድ ጉድ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«የምታወራው ስለ አባቴ እኮ ነው» አለ ዳንኤል ድንገት።

ከዚያ ነገሩን ለአቶ ወርቁ በየትኛው እንደምንነግራቸው ሦስቱንም ስልቶች መዘንናቸው። በሰይድ መንገድ «ሥራ ለቅቄያለሁ» ብሎ መክፈት ለደም ግፊታቸው አይሆንም። በዳንኤል መንገድ ከሄድን የሚሮጠው ራሱ ዳንኤል ነው። የእኔው ተመረጠ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

አቶ ወርቁ የእድር ዳኛ ስለሆኑ ከረፈደ ቤት አይገኙም። እናም ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ከብርዱ የተነሳ ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበን በራቸውን አንኳኳን። ገብተን አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን።

«አባባ፣ ግፊትዎ እንዴት ነው?» አለ ዳንኤል፣ እንዳስጠናሁት።

«ደህና ነው። ምነው?»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»

ይኼኔ አውሮፕላን መጣ። ቦሌ የኖረ ያውቀዋል፤ ጣሪያውን አልፎ እስኪርቅ ወሬ ይቆማል። እኛም ወሬያችንን አቋረጥን። ሽማግሌው ጋቢያችንን አዩ። መስኮቱን አዩ፤ ገና አልነጋም። የስንቱን ጎረቤት በር በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ ሦስት ሆነው አንኳኩተው መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው። ድምፁ ሲርቅ ሁለት እጃቸው ራሳቸው ላይ ነበር።

«እታለም ናት? ደሴ ያለችው እህቴ ናት?»

«ኧረ አባባ፣ ማንም አልሞተም! ሥራ ለቅቄ ፊልም ልሠራ ነው! ቤቱን ቢፈቅዱልኝ ብዬ ነው!»

«እህቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት!»

«ተመስገን!» ብለው ሦስታችንንም አገላብጠው ሳሙን። «ቤቱን ውሰዱት! ሳሎኑንም፣ ጓዳውንም!»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳሎኑ በሰይድ መብራት ተጥለቀለቀ። አቶ ወርቁ ከእድር ተመልሰው የጾም መፍቻ ሻያቸውን ይዘው ጥግ ተቀምጠዋል። ሰይድ ብርሃኑን ለመሞከር ካሜራውን ወደ እሳቸው አዙሮ ሳለ ብርጭቋቸው አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ እስቲ ዳንኤል… ጠዋት ‹ሥራ ለቅቄ› ነው ያልከው?»

ፊልማችን የሚከፈተው በዚያ ፊት ነው። ቀጥሎ ዳንኤል ሲሮጥ ይታያል። የሰይድ ሬሳ ብቻ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ሳያስፈልግ ቀረ።