ገብስማ አቮካዶ ታቀፈች

ዶሮ ሞኝ ናት የሚል ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም። ዶሮ ብልህ ናት የሚለውም አላረባም። ዶሮ ያረባ ሰው ስለ ዶሮ ምንም አይልም፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ሚስቱ ደግሞ እሱን ታየዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ገጽ ላይ «እንስሳ የሚወድ ሰው ከሰው መስማማት ያቃተው ነው» ብዬ መጻፌን የምታስታውሱ አትጠፉም። ባታስታውሱም ግድ የለም፤ ባለቤቴ ሶስና ታስታውሳለች። ቆርጣ አስቀምጣዋለች። ስለዚህ አራት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ገዝቼ ግቢ ሳስገባ፣ ምክንያቴ ፍቅር ሳይሆን የሱቅ እንቁላል ጣዕም ማጣቱ እንደሆነ በግልጽ ተናግሬያለሁ። ስምም አላወጣሁላቸውም። ስም ማውጣት የጣጣ መጀመሪያ ነው። በላባቸው ነው የምጠራቸው፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ወሰራ፣ ገብስማ።

እንግዲህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቀይ ጥቁርን ትነቁራለች፣ ጥቁር ወሰራን ትነቁራለች፣ ወሰራ ገብስማን ትነቁራለች። ገብስማ የምትነቁረው የላትም። አውራው ትል ባገኘ ቁጥር «ቱክ ቱክ» ብሎ ሴቶቹን ይጠራል፤ እሱ አይበላም። እንዴት ያለ ጨዋ ነው ብዬ ነበር! ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ብዙውን ጊዜ ትል የለም፤ ጠጠር ነው። ሴቶቹ ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም ይሄዳሉ፤ ልክ እኛ ስብሰባ ስንጠራ «ምናልባት አበል ይኖረው ይሆናል» ብለን እንደምንሄደው። አንዷ እንቁላል የጣለች እንደሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለሰፈሩ ሪፖርት ታቀርባለች። አውራውም አብሯት ይጮኻል። እሱ ምን እንደሠራ አይታወቅም… ኃላፊ ነው።

እንቁላል ጥላ ዝም የምትለው ገብስማ ብቻ ነበረች። ከሁሉም አብልጣ የምትጥለውም እሷ ነበረች። ይህን የማነሳው የማስተውል ሰው መሆኔን ለማሳየት ነው እንጂ ወድጃት አይደለም።

ከዕለታት አንድ ቀን የገብስማ እንቁላል ቆመ። መጀመሪያ የጠረጠርነው ጦጣ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ የሚበላ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ ጦጣ ይጠረጠራል፤ ጦጣ ጠበቃ የለውም። እንቁላል በጠፋ በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ገብስማን ራሷን ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አገኘኋት። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን አንድ ቦታ ተክላ ተቀምጣለች። እጄን ስሰድ እንደ እባብ ተነፈሰችብኝ። ብድግ ሳደርጋት ከሥሯ ሦስት የአቮካዶ ፍሬ ወጣ። ግቢያችን ካለው ዛፍ ጦጣ በልቶ የጣለው፣ ያ ድብልብሉ ፍሬ።

ሶስና ከኋላዬ መጣች።

«ምንድን ነው የታቀፈችው?»

«አቮካዶ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

ሶስና ገብስማን አየቻት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛዬን አየችው። ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የምጽፈው መጽሐፍ አለ።

«የማይፈለፈል ነገር ላይ መቀመጥን ከማን እንደተማረች እንጃ» አለች። ቀጥላም ፍርዱን አነበበች፦ «እሁድ እናቴ ከይርጋለም ትመጣለች። እስከዚያ እንቁላል ከጀመረች ትኖራለች፤ ካልጀመረች ወጥ ናት።»

ፍሬዎቹን አውጥቼ ጣልኳቸው። ገብስማ ድንጋይ ታቀፈች። ድንጋዩን አነሳሁት። ባዶ መሬት ታቀፈች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው ይባላል፤ ይህቺ ግን ጥሬ ብበትንላትም ዞር ብላ አላየችም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረትም አቮካዶ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። መጻሕፍቶቼን አገላበጥኩ። ስለ ሮማ አወዳደቅ አራት መጽሐፍ አለኝ፤ ስለምታቅፍ ዶሮ አንድም የለኝም።

በመጨረሻ አጥሩ ጋ ቆሜ ጎረቤታችንን እትዬ ዳንጊሴን ተጣራሁ። እትዬ ዳንጊሴ ሰባን ያለፉ፣ ልጅም ዶሮም ሲያሳድጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሳይጨነቁ መለሱልኝ።

«እግሯን አስረህ ዘቅዝቀህ ስቀላት።»

«እትዬ፣ ይህማ ማሰቃየት ነው!»

«እሺ፣ ላባ ነቅለህ በአፍንጫዋ ሰካባት።»

«እሱስ ምን ይሻላል?»

«እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ። ሦስት አራት ቀን እዚህ ትደር። ዶሮ አገር ስትቀይር የታቀፈችውን ትረሳለች።»

«ይህ ነገር የተረጋገጠ ነው?»

«አንተ አይደለህ አንባቢው? ተጽፎ አይተሃል?»

«የትም አላየሁም።»

«እንግዲያውስ እውነት ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ገብስማን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። የእትዬ ዳንጊሴ በር በወዲያኛው መንገድ ስለሆነ ሰፈሩን መዞር ነበረብኝ። በዓል ባልሆነ ቀን ዶሮ ታቅፋችሁ በመንገድ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ ስንት ገዛሃት?»

«የራሴ ናት።»

«ስንት ትሸጣታለህ?»

«አልሸጣትም። ጎረቤት ልታድር ነው።»

ሹፌሩ እኔን አየ፣ ገብስማን አየ። «ይቅርታ» ብሎ ነዳ።

እትዬ ዳንጊሴ ግቢ ውስጥ አንዲት ወፍራም ነጭ ዶሮ ነግሣለች። ገብስማ መሬት እንደነካች ነጯ ደረሰችባት። ውሃ ጋ ስትሄድ ትነቁራታለች፣ ጥላ ሥር ስትሄድ ትነቁራታለች፣ ቆጥ ላይ ስትወጣ ገፍትራ ታወርዳታለች። ሕክምናው ይህ ኖሯል! ሲያባርሩህ የምትውል ከሆነ ባዶ መሬት ለመታቀፍ ጊዜ የለህም። ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ሁኔታዋን እከታተል ጀመር። ለጥናት ነው።

«ልጄ» አሉኝ እትዬ ዳንጊሴ ሐሙስ ማታ፣ «በሽተኛ ስትጠይቅ እኮ ብርቱካን ይያዛል።»

አርብ ዕለት ገብስማ ላባዋ ተኝቷል፣ ትጭራለች፣ ትበላለች። እንቁላል ግን የለም። ቅዳሜም የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዕድሜ ልኬን ስለ እውነት ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ የሌሎቹን ዶሮዎች እንቁላል ሶስና ስለምትቆጥር ፒያሳ ወርጄ አንድ እንቁላል ገዛሁ። አንድ! ባለ ሱቁም «ታመሃል እንዴ?» ብሎኛል።

«ገብስማ ጣለች» አልኩ ለሶስና፣ እንቁላሉን እየዘረጋሁ።

ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ጠዋት ብርድ ነበር።»

«ሐዋሳ ውስጥ?»

እንቁላሉን አገላብጣ አየችው።

«ገብስማ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምትጥለው?»

ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባላል። የገብስማን ካራ ግን ጭሬ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሶስና አጥሩ ጋ ሄዳ «እትዬ፣ ዶሮዋን ነገ ልናርዳት ነው» ስትል ሰማኋት። እትዬ ዳንጊሴ የመለሱትን አልሰማሁም።

እሁድ ሶስና ቸርች ስትሄድ «ስመለስ ዶሮዋ እዚህ ትገኝ» ብላኝ ነበር። ላመጣት አልሄድኩም። መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ሶስና ተመለሰች፣ አማቴም ደረሱ፤ ተሳስመን ገና ሳንቀመጥ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዳንጊሴ ናቸው፤ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል።

«እንግዳ እንዳለባችሁ ሰምቼ ነው» አሉና ድስቱን አስቀምጠው፣ «ምድጃ ላይ የተውኩት አለ» ብለው ሄዱ።

ሶስና ክዳኑን ከፈተችው። ዶሮ ወጥ ነው።

ሶስና አየችኝ። አየኋት።

«እኔ እኮ…» አለች በሹክሹክታ፣ «ለማስፈራራት ነበር።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ሶስና በክርክር መሀል ፊቷን ስታዞር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አማቴ ምንም አላወቁም። ፈረሰኛውን አንስተው ፊቴ አስቀመጡት። «ለአባወራው!»

«እኔ… ጾም ላይ ነኝ።»

«የምን ጾም?»

«የግል።»

«የቀረበት ይቅርበት» ብለው እሳቸው በሉ። እየበሉም አመሰገኑ። «ሥጋዋ እንዴት ወፍራም ነው! ደህና ስትበላ የኖረች ናት።» አሥር ቀን አቮካዶ ታቅፋ የጾመች ዶሮ እንዴት ልትወፍር ቻለች ብላችሁ እናንተ ሳትጠይቁ አትቀሩም። እኔ አልጠየቅኩም። እኔ የማየው እንቁላሉን ነበር። ወጡ ውስጥ አራት እንቁላል አለ፤ ለገብስማ አንዱ ይበቃት ነበር።

ተነስቼ ወጣሁ። ሰፈሩን ዞሬ የእትዬ ዳንጊሴን በር ገፋሁ። ምን ልላቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ጥቂት ላባ ለምኜ ልመለስ ነበር። እትዬ ዳንጊሴ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ገብስማ መሬት ትጭራለች።

«እትዬ… ወጡስ?»

«ነጯ ናት» አሉ። «እንግዳ አላስቀምጥ አለች።»

«እኔ ደግሞ ገብስማን አርደው…»

ልክ ዘቅዝቀህ ስቀላት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ አዩኝ።

«ልጄ፣ ገብስማ እኮ ቤቴ ያደረች እንግዳዬ ናት። ለእንግዳ ይታረዳል እንጂ እንግዳ ይታረዳል?»

ከኪሳቸው አንድ እንቁላል አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ዛሬ ነው የጣለችው። አሁን ገና።»

ሞቃት ነበር።

ገብስማን እዚያው ትቼ፣ እንቁላሉን ቤት ወስጄ ለሶስና ሰጠኋት። ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ቶሎም አላነሳችውም። «ይህን ደግሞ እንዳትጽፈው» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ፒጃማዬና የጥርስ ብሩሼ በከረጢት ተዘጋጅተው በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ምንድን ነው?»

«እትዬ ዳንጊሴን አነጋግሬያቸዋለሁ» አለች ሶስና። «ሦስት ቀን። መጽሐፍህ እዚሁ ይቀራል።»

ይህን የምጽፍላችሁ ከእትዬ ዳንጊሴ በረንዳ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዴ ተቀምጬ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱን መመርመር አልፈልግም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ገብስማ በረንዳው ላይ ወጣች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አንገቷን አዘንብላ አሰበች፤ ከዚያ ቀረብ ብላ የእግሬን አውራ ጣት አንዴ፣ በደንብ አድርጋ ነቆረችኝ።

አልተቀየምኳትም። ግቢው ውስጥ ቀድማኝ ነው የገባችው።