አዛዥ ልጃቸውን አጠቡ

(የአሳታሚው ቤት ሁለተኛ ፎቅ። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል። አራሚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ጨብጦ ተቀምጧል። በትርፏ ወንበር ላይ ወረቀት ስለተከመረ የደራሲዋ ታናሽ እህት ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች። የእህቷን መጻሕፍት ሁሉ በጽሕፈት መኪና የምትተይበው እሷ ናት፤ በሁለት ጣት፣ ፊደል እየፈለገች። በዚህ የተነሣ ስሟ ቀስ በቀስ ሆኖ ቀረ።)

አራሚው፦ ውሃው ከየት መጣ ነው የምልሽ።

ቀስ በቀስ፦ ከታች ካለው ቧንቧ ላምጣልዎት ጋሼ? ብርጭቆው የት ነው?

አራሚው፦ እኔን አልጠማኝም። የመጽሐፉን ውሃ ነው የምጠይቅሽ። ምሽጉ ተከቧል አይደል? ምንጩ ላይ ዘንዶው ተኝቶበታል አይደል? ሰዉ ጤዛ እየላሰ ነው አይደል?

ቀስ በቀስ፦ ነው። እሱን ስተይብ እኔም ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ጠጥቻለሁ።

አራሚው፦ እንግዲያው ገጽ ሁለት መቶ አርባን ስሚ። (ጉሮሮውን ጠረገና "ጠ"ን ጥርሱ ላይ ጠበቅ አድርጎ አነበበ) "አዛዥ ከግንቡ ጥግ ተቀምጠው ልጃቸውን አጠቡ፤ ከዚያ ሰይፋቸውን አንሥተው ወረዱ።" በዚያ ሁሉ ጥማት፣ በዚያ ሁሉ እሪታ መሀል?

ቀስ በቀስ፦ ልጅ እኮ ጦርነት አያውቅም ጋሼ። ሲርበው ይርበዋል።

አራሚው፦ ሲርበው ያጥቡታል?

ቀስ በቀስ፦ (አነጋገሩ ጆሮዋን ትንሽ ቢቆረቁራትም፣ የተማረ ሰው እንዲህ ይል ይሆናል ብላ) ታዲያ ሌላ ምን ይሰጡታል?

(አራሚው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ይህቺ ሴት ፊደል ለቃሚ እንጂ አንባቢ አይደለችም ብሎ ከወሰነ ቆይቷል። ገጹን ገለጠ።)

አራሚው፦ ይሁን፣ ውሃውን ተይው። ወደ ምግቡ እንሂድ። "ባለቤታቸውን በቀበሩ በአምስተኛው ወር ሆዳቸው ገፍቶ የብረት ልብሳቸው አልዘጋ አላቸው።" ሕዝቡ የጫማ ቆዳ ቀቅሎ በሚበላበት ምሽግ፣ አዛዡ ምን በልተው ነው የሚወፍሩት? ደብቀው ይበላሉ ማለት ነው? ደግሞስ ሐዘን ያከሳል እንጂ ያወፍራል?

ቀስ በቀስ፦ የሳቸው ውፍረት እንኳ... ጊዜውን ጠብቆ የሚሄድ ነው ጋሼ።

አራሚው፦ አዎ፣ ገጽ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ላይ ድንገት ከስተው ተገኙ። በዚያው ገጽ ደግሞ አንድ ልጅ ታቅፈው ከግንቡ ላይ ብቅ አሉ። ልጁ ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ? ሦስቱም ላይ "የማይታመን" ብዬ ጽፌያለሁ። ይኸው፣ በቀይ።

(ቀስ በቀስ አጎንብሳ አየች። እውነትም በቀይ ነው። ደነገጠች።

የደነገጠችው በከንቱ አይደለም። ደራሲዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጻፈችው ስለ ጠንካራ ሴቶች ነው፤ ያውም በዚህ ዓለም ስለሌሉት። አንዷ በመቀነቷ ወንዝ ታስራለች። አንዷ የጨረቃን የተሸረፈ ጠርዝ በመዶሻ ቀጥቅጣ ትመልሳለች። ሌላዋ ተራራ አዝላ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ታሻግራለች። እንዲህ ያለውን ነገር የጀመረችው ገና በልጅነታቸው ነው። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ብርድ ልብስ ይጋሩ በነበረበት ዘመን ታላቂቱ ታወራለች፤ ታናሺቱ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ተራራ ያዘለችዋ ሴት ተራራውን የት እንዳወረደችው ታናሺቱ ያወቀችው ጠጉሯ ሽበት ካበቀለ በኋላ፣ ስትተይበው ነው። ያን ቀን የጽሕፈት መኪናውን ትታ ብዙ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረች።

አሁን የደራሲዋ ዓይን ደክሟል። ይህ አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነው ብላለች። ታናሽ እህቷን ልካ እሷ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ መስኮቱን ከፍታ፣ የእግር ድምፅ እያዳመጠች። የአሳታሚው ቤት አለቃ ደግሞ መልእክቱን ለአራሚው ሰጥቶታል። አንባቢ የደራሲዋን መጽሐፍ የሚገዛው ለሴቶቹ ሲል ነው፤ በዚህኛው ሴት ከሌለች አይታተምም። የማተሚያ ቤቱ መኪና በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ አራሚው ካልፈረመ ባዶውን ይመለሳል። አሁን አምስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።)

አራሚው፦ እኔ በበኩሌ ተደስቻለሁ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ስንት ዓመት ስመኘው! እህትሽ በመጨረሻ ሰው የሚመስል ሰው ጻፈች። እኒህ አዛዥ ወንዝ አያስሩ፣ ጨረቃ አይቀጠቅጡ። ይደክማቸዋል፣ ይፈራሉ፣ ፈርተውም ይወርዳሉ። ዘንዶውን በአንድ እጃቸው አንቀው ሲይዙት እኔ ሳላውቀው ከዚህ ወንበር ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

ቀስ በቀስ፦ ሁለተኛው እጃቸው ልጁን ይዟላ።

አራሚው፦ ሚስታቸውን የቀበሩበት ገጽማ ዕንባዬን አመጣው።

ቀስ በቀስ፦ የማንን ሚስት?

አራሚው፦ የአዛዡን ነዋ። "ባለቤታቸውን" ይላል አይደል?

ቀስ በቀስ፦ (ግራ ገባት) ባለቤታቸውንማ ቀብረዋል። ሚስት ግን... እኔ ሚስት የሚል ቃል አልተየብኩም። ዘልዬ ይሆን እንዴ?

አራሚው፦ ምንም አልዘለልሽም። አየሽ፣ ነገሩን ሰብሰብ አድርጎ ማየት ይጠይቃል። (እንደ አስተማሪ እጁን አጣጥፎ) ችግራችን ሴት ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴት ማስገባት አለብን፤ ጠንካራ ትሁን ብቻ። እኔ ቦታ አግኝቼላታለሁ። ገጽ ስድሳ ላይ አዛዡ ከውጊያ ሲመለሱ አንዲት ሴት እግራቸውን ታጥባቸዋለች። አትናገርም። ግን ዓይኗ ውስጥ ጥንካሬ ይታያል። አሁን እዚሁ ቁጭ ብለሽ ትተይቢያታለሽ፣ አለቃም ደስ ይለዋል፣ እህትሽም ትታተማለች።

(ቁጭ የምትልበት ወንበር አለመኖሩን ልብ አላለም። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነው። እሷ ነገር የምትጨብጠው እንደምትተይበው ነው፤ አንዱን ፊደል ሳታገኝ ወደሚቀጥለው አትሄድም።)

ቀስ በቀስ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ ሴት ለምን አስፈለገን?

አራሚው፦ ሌላ? አንድም የለችማ።

ቀስ በቀስ፦ እሳቸውስ?

አራሚው፦ እሳቸው ማን?

ቀስ በቀስ፦ አዛዥ።

አራሚው፦ አዛዥማ ወንድ ናቸው።

(ቀስ በቀስ አልሳቀችም። ይልቁን ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች፤ ጣቷን ከቃሉ ሥር አሳርፋ፣ "ጠ"ን ለቀቅ፣ "ቡ"ን ጠበቅ አድርጋ፣ እናቶች ሁሉ እንደሚሉት አድርጋ አነበበች።)

ቀስ በቀስ፦ "ልጃቸውን አጠቡ።"

(ከታች ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል። አራሚው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። ገጽ ሁለት መቶ አርባን አየ። ወደ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ተመለሰ። ከዚያ ሆዳቸው ወደገፋበት ገጽ ሄደ፤ በጣቱ ወር ቆጠረ። ጆሮው ከእስክሪብቶው ይልቅ ቀላ።)

አራሚው፦ ጡት?

ቀስ በቀስ፦ ጡት ነዋ ጋሼ። ውሃ ከየት ይመጣል?

(አራሚው ወዲያው አልተሸነፈም። ማሳሳቻ ነው አለ፤ በአራት መቶ ገጽ ውስጥ አንዲት "አለች"፣ አንዲት "ሄደች" ሳትኖር ማን ሊያውቅ ይችላል አለ፤ ደራሲዋ በስተርጅናዋ ቀልድ ጀመረች ወይ አለ። ቀስ በቀስ ቦርሳዋን ከፍታ የእህቷን የእጅ ጽሑፍ አወጣች። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር በግልጽ "ልጇን አጠባች"፣ "ዘንዶውን አነቀችው" ነው።)

ቀስ በቀስ፦ እህቴ የለችበትም፣ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ገጽ እንዳለ ተየብኩት። ከዚያ ግን እኒህ ሴትዮ ባላቸውን ቀብረው፣ ምሽግ ጠብቀው፣ ለብቻቸው አምጠው ወልደው... እንደ ጎረቤት ልጅ "መጣች፣ ሄደች" ልበላቸው? እህቴን እንኳ አንቺ ነው የምላት። እሳቸውን ግን እጄ አልደፈረም። የመጀመሪያውንም ገጽ ቀድጄ በአንቱታ ደገምኩት። ሴትነታቸው ይጠፋል ብዬ መች አሰብኩ። እንግዲህ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። በሁለት ጣት አራት መቶ ገጽ መልሼ አልደርስበት። መጽሐፏን ገደልኩባት ማለት ነው።

(አራሚው ሦስቱን ቀይ ጽሑፎች እያየ ነበር። እሷም ሲጨንቃት እንደምታደርገው ያልተጠየቀችውን ተናገረች።)

ቀስ በቀስ፦ አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ልጠይቅዎት እያልኩ... "የማይታመን" የሚሉት ምልክት፣ "ሴት" ማለት ነው አይደል?

አራሚው፦ ምን አልሽ?

ቀስ በቀስ፦ በአሥራ አንዱም መጽሐፍ ላይ ሴቷ ባለችበት ሁሉ ይጽፉታል፤ የአራሚዎች ምልክት ይመስለኝ ነበር። እዚህም ደግሞ ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ሆዳቸው ላይ፣ መውለዳቸው ላይ፣ ማጥባታቸው ላይ። ዘንዶውን ያነቁበት ላይ አልጻፉም። እና ሴት መሆናቸውን ያወቁ መስሎኝ ነበር።

(ከነገረኛ ሰው ቢሰማው መልስ አያጣም ነበር። ግን ይህቺ ሴት ነገር አታውቅም፤ የጠየቀችው ከልቧ ነው። አራሚው ሠላሳ ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲያጎነብስ እንደኖረ ሰው አጎነበሰ፤ ሦስቱን "የማይታመን" አንድ በአንድ ሰረዘ። ከዚያ ሲያደርገው ታይቶ የማያውቀውን አደረገ። ከሌላ ሰው ድርሰት ላይ በመቀነስ ፈንታ አንድ ቃል ጨመረ፤ ከ"አጠቡ" በፊት "ጡት" ብሎ ጻፈ። እዚያው ገጽ ግርጌ ፈረመ።)

ቀስ በቀስ፦ አንቱታውስ?

አራሚው፦ እንዳለ ይውጣ። አንባቢም እንደ እኔ እስከ ገጽ ሁለት መቶ አርባ ድረስ ወንድ ናቸው እያለ ይምጣ። ብቻዬን አልሞኝም።

(ከታች የማተሚያ ቤቱ መኪና ጥሩንባ ተሰማ። አራሚው ተነሣ። በትርፏ ወንበር ላይ የተከመረውን ወረቀት አቅፎ መሬት ላይ አወረደው፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በዚያች ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም።)

አራሚው፦ ይቀመጡ።

(ቀስ በቀስ ዞራ በሩን አየች። የገባ ሰው የለም።)

ቀስ በቀስ፦ ማንን ነው ጋሼ?

አራሚው፦ እርስዎን ነው።

ቀስ በቀስ፦ ኧረ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ምን ዘንዶ ገደልኩና?

አራሚው፦ (ቀይ እስክሪብቶውን ከድኖ ኪሱ እየከተተ) አንድ ገድለዋል፤ ቅድም።