ለአንድ ሰው የሚበቃ አምፕሊፋየር

በሚያዝያ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ነፋሱ ራሱ ጥላ ፈልጎ የተቀመጠበት ሐሩር ነበር። ሰው ዕቃ ሲመርጥ ምክር የሚጠይቀው የኖረበትን ልማድ ነው የምላችሁ፣ የዚያን ቀን ሐዘን ይዤ ነው።

አባቴ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው፤ ጆሯቸውን የትራክተር ጩኸት በልቶታል። እናቴ ገና ደጋ ሳለች፣ ቆላ ወርደው ለሚያርሱት ባሏ በካሴት የላከችው የድምፅ ደብዳቤ አለ። ካረፈች ወዲህ ከድምጿ የቀረን እሱ ብቻ ነበር። ያረጀው ቴፓችን ሲደክም፣ ድምጿ ለአባቴ የሩቅ ሹክሹክታ ሆነባቸው። ስለዚህ ከቴፑ ጋር የሚገጠም አምፕሊፋየር ልንመርጥ ከገንዳ ውሃ መተማ ዮሐንስ ወረድን።

ነጋዴው ትንሽና ትልቅ አወጣ።

«አባቴ፣ ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ ሰው። ለእኔ።»

«እንግዲያው ትንሹ ይበቃዎታል። ትልቁ የሠርግ ነው፤ ይግላል፣ አየር ይፈልጋል።»

«ትንሽ ትራክተር ዋልካ መሬት ላይ ሲሰምጥ አይተህ አታውቅም መሰል» አሉት አባቴ፣ ትልቁን እያቀፉ። ሥነ ጽሑፍ የተማርኩት እኔ ደግሞ «አየር ይፈልጋል» የሚለውን እንደ ዘይቤ ሰምቼ አለፍኩት።

ቤት ደርሰን ገጠምነው። እናቴ ቤቱን ሞላችው። «ወባ እንዳይይዝህ፣ አጎበር ሳትዘረጋ አትተኛ» አለች።

«እሺ» አሉ አባቴ፣ እንደ አዲስ ባል አንገታቸውን ደፍተው። ቆይተውም፣ «ተነሥ፣ ጎረቤት ጠርተን እንምጣ፤ ይስሟት።»

ቴፑ እንዳያኝክብኝ ካሴቱን አወጣሁ። እናንተም ቤት ራዲዮና ቴሌቪዥኑ እንደሚለብሰው ሁሉ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ አምፕሊፋየሩን ዳንቴል አለበስኩት፤ ካሴቱንም እላዩ ላይ አኖርኩ። አምፕሊፋየሩን ሳላጠፋ ተውኩት፤ ቶሎ እንመለሳለን ብዬ። ግን በየደጁ «ግቡ እንጂ» አለ፣ ተቀመጡ አለ።

ጎረቤት አስከትለን ስንገባ ቤቱ የቀለጠ ፕላስቲክ ሸተተን። ካሴቱ ከዳንቴሉ ጋር ተጣብቋል።

«በስልክህ አልቀዳኸውም ነበር፣ አያ መምህር?» አለችኝ አንዷ።

«ነገ ልቀዳው ነበር።»

አባቴ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ትልቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብለው ለእንግዶቹ መቀመጫ ፈለጉ።

አምፕሊፋየሩ ሲቀዘቅዝ ደህና ሠራ። የእናቴ ድምፅ ጠፋ።