ቺንጋ በአብላጫ ድምፅ

አምቦ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው ሁሉ መካኒክ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እኔ ያወቅሁት አሮጌ መኪና ገዝቼ፣ መምህራን ክፍላችን ውስጥ «የታይሚንግ ቺንጋ የሚቀየረው መቼ ነው?» ብዬ በጠየቅሁ ቀን ነው። ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ፈርቼ ነበር።

የሒሳቡ መምህር «ስልሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ» አለ። ቆጣሪው ገና ሳልገዛት እንደቆመ ስነግረው፣ «እንግዲያው ገና ነው» አለኝ። የታሪኩ መምህር «ዛሬውኑ ቀይር!» ሲል፣ የመዝገብ ቤቱ ኦቦ ደቻሳ ደግሞ «ካልተበጠሰ አትንካው» አሉ። ዘመኑ የስብሰባ ነውና እጅ አውጥተን በአብላጫ ድምፅ ወሰንን፤ ቺንጋው እስከ ፋሲካ ያገለግላል። ቃለ ጉባኤም ተያዘ። ቺንጋው ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም።

በሳምንቱ አራታችን ለሰርግ ስንሄድ፣ እጃጂ ልንደርስ ስንል ዳገት ላይ ተበጠሰ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ከአውድማ የሚመለሱ አንድ ገበሬ አዘኑልንና መኪናዋን ከበሬዎቻቸው ጋር አሰሯት። እየተጎተትን ሰርጉ ቤት ስንደርስ ከሙሽራው የበለጠ እልል ተባለልን።

ገበሬው በሬዎቹን እየፈቱ ምን እንደተበጠሰ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እኔ ቀንበርና ሞፈር የማስርበትን ምራን በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እቀይራለሁ» አሉ። «እርሻ መሀል እስኪበጠስ የሚጠብቅ ሰው አለ እንዴ?»

እኚህ ሰው መኪና ነድተው አያውቁም። ሦስቱ መካሪዎቼ ግን ወደ እኔ ዞሩና ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ፣ «እኛስ ምን አልንህ?» አሉኝ።