ከ«እሺ» በፊት የተጠጣች ብርጭቆ

በልክ መጠጣት ትልቅ ጥበብ ነው። ጭራሽ አለመጠጣት ማንም ይችለዋል፤ እስኪወድቁ መጠጣትም እንዲሁ። መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ግን እንደኔ ያለ የበሰለ ሰው ይጠይቃል። (ስለ ራሴ እንዲህ ማውራት አልወድም፤ ሌላ የሚያወራልኝ ስላጣሁ ነው።)

የወረታን የሚያዝያ ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትን እግዜር ከልሏችኋል። ውሻው ከጥላ ጥላ ሲዞር ይውላል፤ ባለባጃጁ መቀመጫው ላይ ውሃ ያርከፈክፋል። በዚህ ወላፈን ደረቅ አረቄ መገልበጥ ለሚቃጠል ቤት ጋዝ ይዞ እንደ መድረስ ነው። ስለዚህ አስቤ አስቤ የራሴን ቅይጥ ፈለሰፍኩ። የሎሚ ጭማቂ፣ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ማንጎ፣ የማር ጠብታ፣ ከላይ አንዲት የጤና አዳም ዘለላ፤ ከሥር ደግሞ፣ ለስሙ ያህል፣ አንድ ጣት የፎገራ ሩዝ አረቄ። ከተሜዎች ኮክቴል ይሉታል። እኔ መድኃኒት እለዋለሁ። በቀን አንድ ብርጭቆ፤ ሁለተኛ የለም።

የምትቀይጥልኝ አስፋልቱ ዳር ባለው ጭማቂ ቤት የምትሠራው ጥሩወርቅ ነበረች። አረቄውን እኔ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ የቀረው የእሷ ነው። እሷ ስትፈጭ እኔ ስለ ልከኝነት አስተምራለሁ፤ ብርጭቆው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። የወንድሜ ልጅ ደሴ ትምህርቱን ለመስማት አብሮኝ መመላለስ ሲያበዛ፣ ልጁ ለቁም ነገር ተነሣ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የተነሣው ለጥሩወርቅ ኖሯል።

አንድ ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ ከች አለ።

«ጋሼ፣ የሩዝ ወፍጮ ያለው ሰውዬ ልጅ ለእሁድ ሽማግሌ ሊልክባት ነው! ዛሬ ካልደረሱልኝ አለቀልኝ።»

ጎረቤቴን መሪጌታ ታከለን ለሽምግልናው ይዤ ሜዳውን አቋርጬ ወደ አባቷ ወደ አያ ፈንቴ ቤት ወረድኩ። መሪጌታ መንገዱን ሙሉ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አደራዎን! ‹እሺ› ሳይባል እህል ውሃ እንዳይቀምሱ።»

ሥርዓቱ ይኸው ነው። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ የቀረበለትን የሚነካው አባት ከፈቀደ በኋላ ነው፤ ከጠጣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ይህን ለእኔ መንገር! «መሪጌታ፣ ልከኝነትን ለማን ነው የሚያስተምሩት?» አልኳቸው ተቀይሜ።

አያ ፈንቴ ከደጃቸው ዋርካ ሥር ተቀብለው አስቀመጡን። ጉዳያችንን አቀረብን። ጢማቸውን ደባበሱ።

«መልካም። ግን ምን ያስቸኩላል? ሩዙ ይታጨድና እንነጋገራለን።»

ሩዙ ገና አልተዘራም! የወፍጮው ድምፅ ከወረታ ድረስ የተሰማኝ መሰለኝ።

በዚህ መሐል ጥሩወርቅ አንገቷን ደፍታ ትሪ ይዛ መጣች። ለመሪጌታ ጠላ። ለእኔ ብርጭቆ። ሎሚው አለ፤ ዝንጅብሉ አለ፤ ማንጎው አለ፤ ጤና አዳሟ ከላይ ተሰክታለች፤ አረቄው እንኳ ሳይቀር ከሥር ይሸታል። የእንስራ ውሃ ያቀዘቀዘው ብርጭቆ ላብ አውጥቷል። እኔም ላብ አውጥቻለሁ።

እስቲ ፍረዱኝ። የተከለከለው እህል ውሃ ነው። ማንጎ እህል አይደለም። ሎሚ ውሃ አይደለም። ዝንጅብል የጉንፋን ነው። አረቄው አንድ ጣት ነው፤ ለአንድ ጣት ደግሞ ሥርዓት አይወጣም። ይህን ሁሉ ከራሴ ጋር ተከራክሬ፣ ረታሁ። ጠጣሁት።

«እልልልልል!»

ከጓዳ ነው፤ የጥሩወርቅ እናት። «ሽማግሌው ጠጡ! ልጄ ተሰጠች!» የጎረቤት ሴቶች ከየቤቱ ተቀበሏት። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ከበሮ ዋርካው ሥር ደረሰ። አንዱ ጎረቤት አያ ፈንቴን አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይላቸዋል።

«ቆይ እንጂ! እሺ ያለው ማነው?» አሉ አያ ፈንቴ ከእቅፉ ውስጥ።

መሪጌታ አዩኝ። ዓይናቸው ሊያወግዘኝ ነበር የተነሣው። ከዚያ ሕዝቡን አዩ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያ ፈንቴ፣ እርስዎ ሳይፈቅዱ እንዲህ ያሉ የተከበሩ ሰው ይጠጣሉ? በደጅዎ ሽማግሌ ሊዋረድ ነው?» አሉና ጠላቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

አሁን የጠጣነው ሁለት ሆንን። አያ ፈንቴ ባዶዎቹን መጠጫዎች አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ የሚጨፍረውን ሰፈር አዩ።

«እንግዲህ… ከተጠጣ… እሺ።»

ስንመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። እልልታው የተሰማው ብርጭቆው ከንፈሬን ሳይነካ፣ ገና እጄን ስዘረጋ ነበር። ደሴን ጠርቼ አፋጠጥኩት። «እኔ የለሁበትም ጋሼ» አለ እየሳቀ፤ «እሷና እናቷ ናቸው። ‹ጋሼን ለእኔ ተዋቸው፤ ሚያዝያ ነው› ነው ያለችኝ።»

ወሬው ሲዛመት ከአንበሳሜ እስከ ጣራ ገዳም ሽማግሌ የሚልክ ሁሉ ደጄን ያንኳኳ ጀመር። እምቢ የሚል አባት ዘንድ እኔን ይዘው መሄድ ነው፤ ቅይጧም ተዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። ይህ ሁሉ ክብር መጥቶ እንኳ ከልኬ ዝንፍ አላልኩም። በአንድ ቤት አንድ ብርጭቆ፤ ሁለተኛ የለም።

ዘንድሮ ልጅ የሚድረው ቤት ቢበዛ፣ እኔ ምን ላድርግ?